የሚናገረው በርበሬ

እትዬ ብዙአየሁ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የቅመም ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ በርበሬያቸውን የሚያሞግስ እንጂ የሚያማ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት የማያውቋት ሴት ከኢንግልውድ ድራይቭ አድርጋ መጥታ፣ የተከፈተ እሽግ ባንኮኒው ላይ ዱብ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ይሄ በርበሬ ነው ወይስ የተፈጨ ሸክላ?" ስትላቸው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። እትዬ ብዙአየሁ ከእሽጉ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሳቃቸው ቆመ። ኮረሪማ የለው፣ ነጭ ሽንኩርት የለው፣ ጥቁር አዝሙድ የለው። ቀይ ነው፣ ያቃጥላል፣ በቃ።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አሉ።

"ታዲያ ይሄ የማን ፎቶ ነው?" አለች ሴትዮዋ እሽጉን እያዞረች።

ፎቶው የእሳቸው ነበር፤ ቢጫ ሻሻቸውን አስረው ፈገግ ያሉበት። ስሙም የእሳቸው፣ የሱቁም አድራሻ የእሳቸው። ከጀርባው ያለውን ባርኮድ በካሸሩ ማሽን ቢያስነብቡት፣ ማሽኑ ምንም ሳያመነታ ጢጥ ብሎ "የብዙአየሁ በርበሬ" የሚል ጽሑፍ አወጣ።

"አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?" ብለው ማሽኑን ተቆጡት። ለሴትዮዋ ከእውነተኛው በርበሬ በነጻ ሰጥተው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ መኪናዋ ድረስ ሸኟት። ከዚያ ለእህታቸው ልጅ ለኑኃሚን ደወሉ።

ኑኃሚን የምትሠራው የመድኃኒት ካርቶኖች ላይ የሚለጠፉ ኮዶችን በሚያዘጋጅ ኩባንያ ውስጥ ነው። ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አንቱ ማለት አልሆነላትም፤ አክስቷም ተስፋ ከቆረጡ ቆይተዋል። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ መጣች። እውነተኛውንና ፎርጅዱን እሽግ ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች።

"አክስቴ፣ ባርኮድ'ኮ ስም ነው እንጂ መታወቂያ አይደለም። ያንቺ እሽጎች በሙሉ አንድ ዓይነት ባርኮድ ነው ያላቸው። ሶ አንዱን ኮፒ ያደረገ ሰው ሁሉንም ኮፒ አደረገ ማለት ነው። ማሽኑ ስሙን ያነባል እንጂ ውስጡን ማን እንደሞላው አያውቅም።"

"እና ምን ይሻላል?"

"ለእያንዳንዱ እሽግ የራሱ ቁጥር እንሰጠዋለን፤ አንዱ ካንዱ የማይገጥም። ሰው በስልኩ ስካን ሲያደርገው፣ ቁጥሩ ከእኛ የወጣ ከሆነ ትክክለኛ ነው ይለዋል። ሌባው አንዱን ቁጥር ኮፒ አድርጎ ብዙ እሽግ ላይ ቢለጥፈው ደግሞ፣ ያ ቁጥር ደጋግሞ ስካን ሲደረግ እናየዋለን። ያኔ እንነቃበታለን።"

ነገሩ ገባቸው። ግን አንድ ነገር አልጣማቸውም። "ትክክለኛ ነው ይለዋል ስትዪ፣ በጽሑፍ?"

"አዎ፣ ስክሪኑ ላይ።"

"ማን ያነበዋል? የእኔ ደንበኛ መነጽሩን መኪና ውስጥ ረስቶ ነው የሚመጣው። ይናገር!"

"ምኑ?"

"እሽጉ ነዋ! እኔ እናገርለታለሁ።"

ኑኃሚን እየቀለዱ እንደሆነ ለማየት ፊታቸውን አጠናች። እየቀለዱ አልነበረም። እሷም ትንሽ አሰበችና ሳቋ መጣ፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚቻል ነበር።

ድምፁን የቀዱት ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው። ከመንገዱ ጫጫታ የሚርቅ ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። የበርበሬ ጆንያዎቹ መሀል ቆመው እትዬ ብዙአየሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና በኑኃሚን ስልክ ላይ እንዲህ አሉ፦ "አቤት! አዎ፣ የእኔ ነው፣ የብዙአየሁ ነው። ሽንኩርቱን በቀስታ አቁላሉት፤ እንዳታሳርሩት። ደግሞ ብቻችሁን እንዳትበሉ፣ ሰው ጥሩ!" እዚህ ላይ የበርበሬው ብናኝ አፍንጫቸው ውስጥ ገብቶ አንድ ጊዜ ከባድ አድርገው አነጠሱ። ደግመው ሊቀዱ ሲሞክሩ ግን ሳቁ አላስቀጠላቸውም። አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትጀምራለች። በመጨረሻ ማንጠሱም እዚያው ይሁን ብለው ተዉት።

ለፎርጅዱ የተዘጋጀው ንግግር ግን ምንም አላስቸገረም። "ኧረ ሌባ! ኧረ ያዙልኝ! ይሄ የእኔ አይደለም! እንዳትበሉት፣ ሆዳችሁን ነው የሚቆርጣችሁ!" እትዬ ብዙአየሁ ይሄኛውን እጅግ ወደዱት። ተቀድቶ ካለቀም በኋላ ለራሳቸው ሁለት ሦስቴ ደገሙት።

አዲሱ እሽግ የወጣው ቅዳሜ ቀን ነው። ወሬው ቀድሞ ተሰምቶ ስለነበር ሰው ከየሰፈሩ መጥቶ፣ መኪናውን በየማእዘኑ ፓርክ አድርጎ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ይስሐቅ ታክሲ ነጂ ነው፤ መኪናው ሁልጊዜ እዚያው ሱቅ በር ላይ የምትቆም፣ ነገር ካለ ደግሞ ማንም ሳይጠራው የሚገኝ ሰው። የመጀመሪያውን እሽግ ከእትዬ ብዙአየሁ እጅ ተቀብሎ፣ ሁሉም እንዲያየው ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው።

"ስካን አድርጉ! ተራ በተራ! ሳትጋፉ!"

ማንም ተራ አልጠበቀም። ከሁሉም ስልክ "አቤት! አዎ፣ የእኔ ነው" የሚለው ድምፅ እየተቀዳደመ ወጣ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እንደገና ስካን አደረጉ፣ እንደገና ሳቁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን ሁሉም ስካን የሚያደርጉት ይስሐቅ የያዘውን አንዱን እሽግ ነበር። ኑኃሚን ይሄን ያስታወሰችው ዘግይታ ነው። የእሽጉ ቁጥር ካለቅጥ ተደጋገመና ሲስተሙ፣ በተነገረው መሠረት፣ ቁጥሩ ተሰርቋል ብሎ ወሰነ።

"ኧረ ሌባ! ኧረ ያዙልኝ!" አለ አንድ ስልክ። ወዲያው ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም።

ከፊት ለፊቱ ምግብ ቤት አስተናጋጆች ሮጠው ወጡ። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት ፈረንጅ ቆመች፤ ውሻውም መጮህ ጀመረ። አንድ ገና መድረሱ የሆነ ሰውዬ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያጣራ፣ እሽግ ከፍ አድርጎ መሀል ላይ የቆመውን ይስሐቅን በኮቱ አንገት ጨምድዶ ያዘው።

"እኔ አይደለሁም! ወንድሜ፣ በርበሬው ነው!" እያለ ይስሐቅ ጮኸ። ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። እትዬ ብዙአየሁ እንባቸው እስኪወርድ ስቀው፣ ቆመው መሳቅ ሲያቅታቸው የሱቁ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። የዚያን ቀን መደርደሪያው ላይ አንድም እሽግ አልተረፈም።

ኑኃሚን ግን አፍራ ነበር። በማግስቱ ሲስተሙን አስተካከለችው። "ከአሁን በኋላ እሽጉ ሰው በአደባባይ አያዋርድም" አለች። አንድ ቁጥር ከመጠን በላይ ከተደጋገመ፣ ለገዢው ያንኑ ጥሩ ድምፅ እያሰማ ለእሷ ብቻ በስልኳ እንዲነግራት አደረገች፤ ገዢው ከፈቀደም ከየት ሰፈር እንደሆነ ጭምር። እትዬ ብዙአየሁ የሌባው ንግግራቸው ሥራ በመፍታቱ ትንሽ ከፋቸው።

ሳምንታት አለፉ። ሰው በየሱቁ በርበሬ ሲገዛ "ይናገራል?" ብሎ መጠየቅ ለመደ። ከዚያ በግንቦት ወር ውስጥ የኑኃሚን ስልክ መንጫጫት ጀመረ። አንድ እሽግ፣ አንድ ቁጥር፣ ሁሌም ከባልድዊን ሂልስ። ጠዋት ይመጣል፣ በምሳ ሰዓት ይመጣል፣ አመሻሽ ላይ ይመጣል። ስብሰባ ላይ ሆና ይመጣል። መጀመሪያ አንድ የሚጫወት ሕፃን መሰላት። ሲደጋገም ግን ስልኳን ይዛ ወደ አክስቷ ሱቅ ሄደች።

ይስሐቅም እዚያው ነበር። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ብድግ አለ። "ገባኝ! ሌባው ቤቱ ቁጭ ብሎ ኮዱን ፕሪንት ያደርጋል። እያንዳንዱን ከለጠፈ በኋላ መሥራቱን ለማየት ስካን ያደርገዋል። ፋብሪካው እዚያ ነው!"

ኑኃሚን አንድ ማስተባበያ ፈለገች፤ አጣች። እውነትም ሊሆን ይችል ነበር።

"በሉ እንሂድ" አሉ እትዬ ብዙአየሁ። ሱቁን ዘጉ፣ ስኒከራቸውን አጠለቁ፣ ከመደርደሪያው ላይ የሙቀጫውን ዘነዘና አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዘነዘናው ከቦርሳው ግማሹ ውጪ ቀረ።

"አክስቴ፣ እሱን ምን ልታደርጊበት ነው?"

"ምንም። ይኑር።"

በይስሐቅ ታክሲ የላ ሲየኔጋን ጎዳና ይዘው ሽቅብ ወጡ። ሰፈሩ ሲደርሱ ይስሐቅ ፍጥነቱን ቀንሶ "ጎንበስ በሉ!" አላቸው። ጎንበስ አሉ። መንገዱ ላይ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ የጃካራንዳ ዛፎች ሐምራዊ አበባ ብቻ አስፋልቱን ሸፍኖታል። ኑኃሚን አክስቷ ከወንበሩ ሥር ከዘነዘናቸው ጋር ተጣጥፈው ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም ተከተሏት። ይስሐቅ "እሽሽ! እሽሽ!" ይላል፤ ግን ራሱም ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

መኪናውን ፓርክ አድርገው ወረዱ። የቱ ቤት እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት ሰፈሩን ብቻ ነው። በዚህ መሀል የኑኃሚን ስልክ ጮኸ።

"አሁን! አሁን ስካን አደረገው!" አለች በሹክሹክታ።

ሦስቱም ባሉበት ቆሙ። ከቀኝ በኩል፣ ከአንድ ነጭ ቤት የተከፈተ የወጥ ቤት መስኮት፣ የእትዬ ብዙአየሁ የራሳቸው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። "አቤት! አዎ፣ የእኔ ነው፣ የብዙአየሁ ነው። ሽንኩርቱን በቀስታ አቁላሉት፤ እንዳታሳርሩት። ደግሞ ብቻችሁን እንዳትበሉ፣ ሰው ጥሩ!" ቀጥሎም ያ ማንጠስ።

ከዚያም አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ ከልቡ፣ "ይማርዎት!" አለ።

ይስሐቅ አፉን በሁለት እጁ አፈነ። ኑኃሚን የአንድ ሰው አጥር ተደግፋ ቁጢጥ አለች። እትዬ ብዙአየሁ ግን ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱና ደወሉን ተጫኑ።

በሩን የከፈቱት ረጅም፣ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ሽርጥ ያሸረጡ ሰው ነበሩ፤ በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው የእንጨት ማማሰያ ይዘዋል። እትዬ ብዙአየሁ መንገዱን ሙሉ "ሌባ!" ለማለት ሲዘጋጁ ነበር የመጡት። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

"ያኑርዎት!" አሉ።

ሰውዬው ደነገጡ። ፊታቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን ነው ያወቁት። ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። "እትዬ ብዙአየሁ?" አሉ። ወደ ስልካቸው አዩ፣ እንደገና ወደ በሩ አዩ። "በአካል?"

ስማቸው አምደሚካኤል ነበር። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ ኢንጂነር ሆነው፣ ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ምግብ ማብሰል የጀመሩት በቅርቡ ሲሆን፣ እሽጓን የሰጧቸው አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ነበሩ።

ኑኃሚን ሳቋን እንደምንም ዋጠች። "ጋሼ፣ ቆይ፣ ይሄን ኮድ ለምንድነው እንዲህ ደጋግመህ ስካን የምታደርገው? እኛ'ኮ ፋብሪካ ያለህ መስሎን ነው።"

ጋሽ አምደሚካኤል እስከ ጆሯቸው ቀሉ። "መመሪያውን ለመስማት ነው። የአሠራሩን።"

"ሽንኩርት አታሳርሩ ነው'ኮ የሚለው!"

"እረሳዋለሁ" አሉ። ማንም እንዳላመናቸው ሲያዩ ግን ራሳቸውም ፈገግ አሉ። "እውነቱን ልንገራችሁ። ያቺ ብቻችሁን እንዳትበሉ የምትለዋ ነገር ሳቄን ታመጣዋለች። እንዴት እንዲህ ያዙኛል እላለሁ፣ እስቃለሁ። ከዚያ ያነጥሳሉ። ይማርዎት ሳልል ማለፍ ደግሞ ነውር መሰለኝ።"

እትዬ ብዙአየሁ ዘነዘናውን ወደ ቦርሳው ውስጥ የበለጠ ሊገፉት ሞከሩ፤ አልገባም። ይሄኔ አፍንጫቸው አንድ ነገር ነገራቸው።

"ሽንኩርቱ!" ብለው ጮኹ። ጋሽ አምደሚካኤልን በክርናቸው ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ ሮጡ። ወጥ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኖ፣ የብረት ድስቱ ውስጥ ከሰል የሚመስል ነገር ይንጣጣ ነበር። "እየነገርኩዎት! በቀን ስንቴ እየነገርኩዎት!"

"እውነትዎን ነው! ነግረውኛል!" አሉ ጋሽ አምደሚካኤል ከኋላቸው፤ የሚያስደስት ነገር የተነገራቸው ይመስል ነበር። ይስሐቅ ከዚህ በላይ አልቻለም፤ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱ። እትዬ ብዙአየሁ ድስቱን አጥበው አዲስ ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። በርበሬ ሲፈልጉ ቁምሳጥኑ ውስጥ ሌላ እሽግ አገኙ፤ ያው ፎቷቸው፣ ያው ስማቸው።

"እሱን ይተዉት፣ ዲዳ ነው" አሉ ጋሽ አምደሚካኤል።

ከከተማው በስተሰሜን፣ ቫሊ ከሚባለው አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነበር የገዙት። ቤት መጥተው ስካን ቢያደርጉት ዝም አለ፤ ያለው ያ የድሮው ባርኮድ ብቻ ነበር። ባትሪ መስሏቸው ስልካቸውን ቻርጅ አደረጉ፤ አሁንም ዝም። በማግስቱ ተመልሰው ሄደው ባለሱቁን ተከራከሩት። "ይሄ አያናግረኝም" ቢሉት ባለሱቁ የታመሙ መስሎት ወንበር አቀረበላቸው። ሌሎች ገዢዎች ነገሩን ሰምተው ስልካቸውን እያወጡ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ሞከሩ። አንዱም አልተናገረም። ባለሱቁ እዚያው ሰው ፊት ለአከፋፋዩ ደውሎ፣ "ዕቃህን መጥተህ ውሰድ፤ ሁለተኛም እንዳታመጣብኝ" አለው።

"ታዲያ ምነው ለእኛ አልነገሩን?" አሉ እትዬ ብዙአየሁ።

"ምን ብዬ ልንገርዎት? እሽጉ ስላላናገረኝ ከፋኝ ብዬ?"

ኑኃሚን ከአክስቷ ጀርባ ቆማ በደስታ ዘለለች። የሠራችው ነገር፣ እሷ ሳታውቀው፣ ልክ እንዳሰበችው ሠርቶ ነበር። በኋላ እንደሰሙት ያ አከፋፋይ በሌሎችም ሱቆች ይኸው ገጠመው። ገዢው ሁሉ ስልኩን እሽግ ላይ ደቅኖ ጆሮውን ሲያቆም፣ ዝም የሚል በርበሬ የሚገዛ ጠፋ። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም፤ ከገበያው ግን ጠፍቷል። ከሳን ዲዬጎ ሳይቀር "የሚናገረውን ላኩልን" የሚሉ ባለሱቆች ደወሉ።

የዚያን ቀን አራቱም ከጋሽ አምደሚካኤል ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው የእትዬ ብዙአየሁን ምስር ወጥ በሉ። ይስሐቅ በኮቱ አንገት የተያዘባትን ቅዳሜ ቆሞ በተግባር አሳያቸው። ጋሽ አምደሚካኤል እየሳቁ ውሃ ትን ብሏቸው እትዬ ብዙአየሁ ጀርባቸውን መቱላቸው፤ ከሚያስፈልገው በላይም ትንሽ ቆዩ። ኑኃሚን ይህን አየች።

ከዚያ በኋላ የኑኃሚን ስልክ ከባልድዊን ሂልስ ምንም አልሰማም። ሰውዬው በቀጥታ ሱቁ ስልክ ላይ መደወል ጀምረው ነበር። መጀመሪያ ስለ ሽሮ ለመጠየቅ፣ ቀጥሎ ስለ ድልህ፣ ቀጥሎ ስለምንም ለመጠየቅ ሳይሆን እንዲሁ። እትዬ ብዙአየሁ ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሀል አጣብቀው በርበሬ እየመዘኑ ይስቃሉ፤ የሚመዝኑትን ይረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ይመዝናሉ። ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ግን ማንም አልተቆጣም።

ሰኔ ላይ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋሽ አምደሚካኤል እትዬ ብዙአየሁን ከቤታቸው ብዙም የማይርቀውን ኮረብታ ላሳይዎት ብለው ወሰዷቸው። ወደ ጫፉ የሚያወጣ ደረጃ አለው፤ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ወጣቶች ለስፖርት እየሮጡ የሚወጡት። እትዬ ብዙአየሁ ደረጃውን ከታች ሆነው አንጋጠው አዩት፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ተረከዝ አዩ።

"ይሄንን በዚህ?"

"ከፈሩ እንመለስ።"

"ማነው የፈራ?" ብለው ጫማቸውን አውልቀው ለሰውዬው አስያዟቸውና በካልሲያቸው ወደ ላይ ጀመሩት። አንድ እጃቸው ነጠላቸውን ይሰበስባል፣ ሌላው የጋሽ አምደሚካኤልን ክንድ ይዟል። ግማሽ ላይ ሲደርሱ እስትንፋሳቸው አልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ የሚያልፉት ወጣቶች "ኦኬ ናችሁ?" ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቋቸው። ጋሽ አምደሚካኤል፣ ጫማዎቹን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ "በጣም ኦኬ ነን!" ብለው መለሱ። ይሄ ምን እንደሚያስቅ አይታወቅም፤ ግን ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ የቀረውን እስትንፋስ ጨረሰው፤ እንደገና ማረፍ ግድ ሆነ።

በመጨረሻ ጫፉ ላይ ደረሱ። ነፋሱ ነጠላቸውን ወሰደው፤ ጋሽ አምደሚካኤል ሮጠው ያዙት። ከተማው በሙሉ ከታች ተዘርግቷል፤ ከአንድ በኩል ተራሮቹ፣ ከሌላው በኩል እንደ ቀጭን ክር የሚያብረቀርቅ ባሕር። ልክ በዚያች ሰዓት የእትዬ ብዙአየሁ ስልክ ጮኸ። ኑኃሚን ነበረች።

"አክስቴ፣ የት ነሽ? መጥቼ ልውሰድሽ?"

እትዬ ብዙአየሁ ወደ ሰውዬው ዞር ብለው አዩ። ጋሽ አምደሚካኤል በአንድ እጃቸው ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ይዘው፣ በጣታቸው እንኳ መጠቆም አቅቷቸው፣ በአገጫቸው አንድ ድልድይ ሊያሳዩዋቸው ይሞክሩ ነበር።

"አትምጪ" አሉ እትዬ ብዙአየሁ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቁ ገና አላለቀም። "እንቆያለን።"